ቁጥር የሌለው ቆርቆሮ

ቤይሩት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ እንዳላማው፣
ሉማሜ።

አጎቴ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ክረምቱስ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? እኔ አምላክ ይመስገን ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። እመ ብርሃን እርስዎንም ቤተሰቡንም በያላችሁበት ትጠብቅልኝ።

እዚህ አገር ከገባሁ አንድ ክረምት አለፈኝ። የሕፃናት ነርስነት ትምህርቱ ይከብዳል፤ ቢሆንም ይዤዋለሁ። ሰሞኑን የተመደብኩት ድንገተኛ ሕመምተኞች በሚገቡበት በር ላይ ነው። እርስዎም የሐኪም ቤት በር ጠባቂ ነዎትና ይህን ብነግርዎ ይገባዎታል። እዚህ በሩ ላይ አንዲት ነርስ ትቆማለች። መርፌ አትወጋ፣ መድኃኒት አትሰጥ፤ ሥራዋ ማየት ብቻ ነው። የሚመጣውን ሕፃን ሁሉ ፊቱን ገልጣ ታያለች፣ ሲተነፍስ ደረቱን ታያለች፣ እግሩን ዳስሳ ይቀዘቅዝ እንደሆነ ትመረምራለች። የባሰበትን ከሁሉ አስቀድማ ታስገባለች። ሌላዋ እናት ከንጋት ጀምሮ ተቀምጣ ብትጠብቅም ትቆያለች እንጂ አትቀድምም።

ይህን ባየሁ ቁጥር የእርስዎ በር ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል። እናቶቻችን የታመመ ልጃቸውን በነጠላና በጋቢ ጠቅልለው፣ ፀሐይም ነፋስም ዓይንም እንዳያገኘው ሸፍነው፣ አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ተራቸው እስኪደርስ ከጨርቁ ሥር ያለውን ማንም አያውቅም። አጎቴ፣ በእርስዎ በር የሕፃናቱን ፊት የሚያይ ሰው አለ?

ስለ ልጄ ስለ ያለምወርቅ ደግሞ የምለምንዎ አለኝ። እኅቴ የብርጓል እንደ ወለደቻት አድርጋ ይዛልኛለች፤ ግን መጻፍ አትችልምና የልጄን ወሬ የምሰማው ከእርስዎ ብቻ ነው። አይቆጡኝና የአገራችንን ደብዳቤ አላምነውም። አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሳለሁ አባቴ ካረፈ በኋላ እንኳ «አባትሽ ደህና ነው፣ ሰላም ይልሻል» እያላችሁ ስትጽፉልኝ ከረማችሁ። መርዶ በወረቀት አይነገርም አላችሁኝ። አውቃለሁ፣ በማለዳ ሽማግሌ መጥቶ ነው የሚነገር። ከዚያ ወዲህ ግን «ደህና ናት» የሚል ቃል ባነበብኩ ቁጥር የተደበቀ ነገር እፈልግበታለሁ። እባክዎ ያለምወርቅ ከገጠር ወደ ሉማሜ ብቅ ስትል ቀኝ እጇን ወረቀት ላይ አሳርፈው ዙሪያውን በእርሳስ ይክበቡልኝና ይላኩልኝ። በእጇ አምናለሁ።

ልጅዎ ሥራነሽ ደምለው


ሉማሜ፣ ኅዳር 29 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለሥራነሽ፣

ሰላምታዬ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ያንን የማላውቀውን ባሕርም ተሻግሮ እደጅሽ ይድረስ። የአባቶቻችን አምላክ በሰው አገር አያዋርድሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ዕድሜው ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የደረሰኝ ግን እንደምታውቂው አውቶቡስ ከሚቆምበት ከበሽር ሱቅ ነው፤ የፖስታው አፍም ተከፍቶ እንደገና የተለጠፈ መሰለኝ። በሽር «በአላህ እምላለሁ አልነካሁም» ይላል። ስንት ነገር የሚሸጥ ሰው ስንት ነገር አያነብም? ከእንግዲህ በሰም አሽጊው።

አላምንም ማለትሽ አስከፍቶኛል። ቢሆንም የአባትሽን ሞት የደበቅንሽ እኛ ነን። የልጅቷን እጅ ይኸው ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እንደ ጥጃ እየተወራጨች ነው የከበብኩት፤ ከዚያ በኋላ እርሳሱን አልሰጥም ብላ ይዛው ሄደች።

አሁን ወደ በሩ ጉዳይ ልመለስ። የቀኛዝማች ወልደ ሩፋኤል ሐኪም ቤት ሲከፈት እኔ ከመቀጠሬ በፊት የነበረውን ታስታውሻለሽ። ባለ በቅሎው ሲመጣ ባለ እግሩ ይነሣል። የግራዝማቹ አሽከር ጅራፉን አንጠልጥሎ የሸማኔውን ልጅ ገፍትሮ ይገባል። እኔ ያንን ያስቀረሁት በቆርቆሮ ነው። የላምባ ቆርቆሮ በገዛ እጄ ቆርጬ፣ በምስማር ቁጥር ወግቼ ለመጣ ሁሉ እንደ አመጣጡ እሰጣለሁ። ዛሬ ግራዝማቹ ራሱ ቢመጣ ቆርቆሮውን ተቀብሎ ይቀመጣል። ተቆጥቶ ያውቃል፣ ሊመታኝም ቃጥቶ ያውቃል፤ ግን ተቀምጧል። የሉማሜ ሕዝብ ከመቋሚያዬ ይልቅ ይህን ቆርቆሮ ያከብረዋል።

አንቺ ደግሞ ከባሕር ማዶ ሆነሽ የባሰበትን አስቀድም ትይኛለሽ። የባሰበት ማን ነው? የእኔ ልጅ አልባሰበትም የምትል እናት አይተሽ ታውቂያለሽ? ያንን አጥር አንድ ቀን ብከፍተው በማግስቱ የባሰበት ሁሉ የባለጸጋ ልጅ ሆኖ ይገኛል። ፊት መግለጡንማ ተይው። ገላጩ እኔ ስሆን፣ ልጁም በዚያው ሳምንት ሲሞት፣ እንዳላማው በዓይኑ በላው እባላለሁ። ቅኔ ቤት ገብቼ የወጣሁ ሰው በስተርጅና ቡዳ ተብዬ ልቀበር?

ትምህርትሽን ተማሪ። በሩን ለእኔ ተይልኝ።

አጎትሽ እንዳላማው


ቤይሩት፣ ጥር 20 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ልደቱንም ጥምቀቱንም በሰላም እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የማያልቅ ጤና ይስጥልኝ።

የልጄን እጅ ስስመው ከረምኩ። ትንሿ ጣቷ ምድጃ ነክታ ከተቃጠለች ወዲህ ወደ ውስጥ እንደታጠፈች የቀረችው በእርሳሱ ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች። እርስዎ ሳያስቡት ነው የከበቧት፤ ለእኔ ግን ከደብዳቤው ሁሉ ይበልጥብኛል።

ስለ ቆርቆሮው የጻፉልኝ ገብቶኛል። በልጅነቴ የግራዝማቹ ጅራፍ ሲጮኽ ሰምቼዋለሁና በእርስዎ በር እኮራለሁ። ግን አጎቴ፣ ሕመም ቁጥር አይጠብቅም። እኔም እናት የምትለውን እመኑ አላልኩም። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ አፍንጫው የሚርገበገብ፣ ጡት መያዝ ያቃተው፣ ሲጠሩት ዓይኑን የማይመልስ ልጅ የባሰበት እሱ ነው። ይህን ማንም ዓይን ያለው ሰው ያየዋል፤ ግራዝማችም ሆነ ሸማኔ ሊያስመስለው አይችልም። የሚያለቅሰውን ልጅ ሳይሆን ዝም ያለውን ፍሩት ብላናለች አስተማሪያችን።

ዓይን መፍራት የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስልዎት። እዚህም እናቶች በልጆቻቸው ትከሻ ላይ ሰማያዊ ዶቃ ያንጠለጥላሉ፣ ሰው ትኩር ብሎ ሲያይባቸው ይደነግጣሉ። ነርሷ መጀመሪያ ልጁን ትመርቅና ከዚያ ትገልጣለች። ዘዴ አይጠፋም።

ያለምወርቅን ሳሙልኝ። በሚቀጥለው ደብዳቤም እጇን አይርሱብኝ።

ልጅዎ ሥራነሽ


ሉማሜ፣ መጋቢት 17 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለሥራነሽ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ከሰላምታው በላይ የምመርቅበት ልብ ዛሬ የለኝምና አትቀየሚኝ።

ለድሬሰሩ ለገብረ ኪዳን የጻፍሽለትን አውቄብሻለሁ። እኔ በአደባባይ ስመልስልሽ አንቺ በጓሮ ሌላ ሰው ትጽፊያለሽ? ሰውየው ሰሞኑን ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ከውስጥ ይወጣና አግዳሚው መካከል እየተዘዋወረ፣ «እናቴ እስቲ ልየው፣ እግዜር ያሳድገው» እያለ ጨርቅ ይገልጥ ጀመር። ምን አገባው? ቁስል ማጠብ ነው ሥራው። ይህችን በር እንደሚፈልጋት ድሮም ጠርጥሬ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ቁልፉን አቀበልሽው።

የሆነውን ስሚ። የበሽር ሚስት መርየም ልጇን ቀድሪያን አዝላ መጣች፤ ከያለምወርቅ ጋር እኩያ ናት። እኔ የሚገባትን ቆርቆሮ ሰጥቼ አስቀመጥኳት። ገብረ ኪዳን መጣና ገለጥ አድርጎ አየ፤ ከዚያ አፈፍ አድርጎ ይዟት በሰው ሁሉ አናት ላይ ገባ! ከሮብ ገበያ በእግራቸው የመጡ ሰዎች ተቀምጠው የባለሱቅ ልጅ ቀደመች። በሽር ምን ሰጠው? ስኳር ይሁን ጨርቅ ይሁን አላየሁም፤ ሳይሰጠው ግን አይቀርም። አንድ ሽማግሌ ቆርቆሮውን እግሬ ሥር ወረወረና «እንዳላማው፣ አንተም ተሸጥህ?» አለኝ። ለስንት ዘመን የያዝኩት ስም በአንድ ጠዋት።

እኔም ዝም አላልኩም። ለሐኪም ቤቱ አስተዳዳሪ አመለከትኩ፣ ሽማግሌዎቹም መሰከሩልኝ። ገብረ ኪዳን ከበሩ ወዲህ ዝር እንዳይል ታዟል። ሁሉም እንደ ቁጥሩ ይገባል። ይኸው ነው።

አጎትሽ


ቤይሩት፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረስዎ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ቀድሪያ ያን ዕለት ምን ትመስል ነበር? አተነፋፈሷን አይተዋል? ደረቷ ይሰረጉድ ነበር? ታለቅስ ነበር ወይስ ዝም ብላለች? በሽር የሰጠውን ስኳር ሳያዩ ጽፈውልኛል፤ የልጅቷን ፊት ግን እንዳላዩት ከደብዳቤዎ ይታወቃል። ዛሬስ እንዴት ናት? በሕይወት አለች?

ለገብረ ኪዳን በስውር መጻፌ ልክ አይደለም። እርስዎ እምቢ ስላሉኝ ነው፤ ልጆቹ እስክመለስ ድረስ አይቆዩኝም ብዬ ነው። አሁን ግን የባሰውን አደረጋችሁ፤ ማየት የጀመረውን አንድ ሰው አስቀራችሁት።

አጎቴ፣ በዚያ ሁሉ ቁጣ ውስጥ ስለ ያለምወርቅ አንድ ቃል አልጻፉልኝም። እጇም አልመጣም። እንደ ረሱት ልቁጠረው ወይስ ሌላ ነገር አለ? በቶሎ ይጻፉልኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ልጅዎ ሥራነሽ


ሉማሜ፣ ሰኔ 24 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለምወድሽ ልጄ ለሥራነሽ፣

እግዚአብሔር ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርሽ፣ በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ፣ በትምህርትሽም ያስመርቅሽ። እኛ ሁላችንም እጅግ ደህና ነን። የብርጓልም ደህና ናት። ያለምወርቅም ደህና ናት፤ ሰላም ትልሻለች። ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ጤፉም ሊዘራ ነው።

መልስ በመዘግየቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስለ በሩ ያልሽውም ሁሉ መልካም ነው፣ አስቤበታለሁ። እጇን እንደጠየቅሽኝ ይኸው ልኬያለሁ። ምንም ሐሳብ አይግባሽ። በርቺ፣ ተማሪ፣ ጸልዪ።

አጎትሽ እንዳላማው


ቤይሩት፣ ሐምሌ 25 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ እንዳላማው፣

በደብዳቤዎ ውስጥ አንድም ቁጣ የለም። ስለ በሽር የለም፣ ስለ ገብረ ኪዳን የለም፣ ስለ ፖስታው አፍ የለም። ሁሉም መልካም ነው፣ ሁሉም ደህና ነው ይላል። አባቴ ከሞተ በኋላ የጻፋችሁልኝ ደብዳቤዎች ሁሉ እንደዚህ ለስላሳ ነበሩ።

ከዚያ እጁን አየሁት። ትንሿ ጣት ቀጥ ያለች ናት።

የማን ልጅ እጅ ነው? የማንን ልጅ እጅ ነው ያስሳማችሁኝ? መጀመሪያ የላኩልኝን አጠገቡ አድርጌ ሳይ ዋልኩ። የተቃጠለ ጣት አድጎ ቀና ይላል? ነርስ ነኝ እኮ፤ እንደማይል አውቃለሁ።

ጥቁር ለብሻለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ምን ሆንሽ ሲሉኝ ልጄ ሞታለች አልኳቸው፤ መርዶውን ያረዳኝ ሰው የለም፣ እኔው ለራሴ አረዳሁ። አዲስ አበባ ስገባ አውሮፕላን ጣቢያ ሽማግሌ አሰልፋችሁ እንዳትጠብቁኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ምን ሆና ሞተች? በርዎ ላይ ነው? ተራ ስትጠብቅ ነው?

ሥራነሽ


ሉማሜ፣ ነሐሴ 21 ቀን 1962 ዓ.ም.

ሥራነሽ፣ ልጄ፣

ያለምወርቅ አልሞተችም። ሰላምታውን ያስቀደመ ሁሉ ይቅር ይበለኝ፤ ይህን ነው የማስቀድመው። በሕይወት አለች። አሁን ይህን ስጽፍ ጉልበቴ ሥር ተቀምጣ የቆርቆሮ ቁራጭ ትቀጠቅጣለች።

እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም። እጇን እንደገና ከብቤ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ፤ ግን ጣቷን ስለነገርሽኝ አጣሞ ሣላት ትይ ይሆናል። እንግዲህ ሌላ የማቀርበው ምስክር የለኝም። ለንስሐ አባቴ ካልሆነ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ።

በሰኔ መጀመሪያ ነው። የገበያ ቀን ነበርና አግዳሚው ሞልቷል፣ ዝናቡም ያካፋል። የብርጓል ያለምወርቅን አዝላ፣ ጋቢ ደርባባት መጣች። «ትንሽ አተኩሷታል፣ አሁን ግን ተኝታልኛለች» አለችኝ። ከኋላ የመጣች ናትና የመጨረሻውን ቆርቆሮ ሰጠኋት። ሰው ሁሉ ያየኛል። የባለሱቁ ልጅ ቀደመች ብዬ አገር ያስጮኽኩ እኔ፣ ገብረ ኪዳንን ያስከለከልኩ እኔ፣ የራሴን እኅት የልጅ ልጅ ባስቀድም ምን ፊት ይኖረኛል? ስለዚህ «ተቀመጪ፣ ዘመድ አልለይም» አልኳት፤ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ደስ ብሎኝ ነበር። ልብ በይልኝ ሥራነሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያ ቆርቆሮ የወረወረብኝ ሽማግሌ ቢያየኝ ብዬ ተመኘሁ።

አጠገቧ መርየም ተቀምጣለች፤ ጥርሷን አሟት ነው። ያ የጋቢ ጥቅልል ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ታየው ጀመር። «ይህች ልጅ ለምን አታለቅስም?» አለቻት የብርጓልን። «ተኝታ ነው።» «እስቲ ልያት።» የብርጓል እምቢ አለች፣ ነፋስ ነው ብላ። መርየም ግን የራሷ ልጅ በመጋቢት እንዲሁ ዝም ብላባት ስለነበር አልተመለሰችም። የገዛ ሻሿን ፈትታ በልጅቷ ላይ ከነፋሱ ጋረደችና ጋቢውን ገለጠችው።

ጩኸቷን ሰምቼ ዞርኩ። ያለምወርቅ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ያንቺ ደብዳቤ እንደሚለው ከጎድኗ ሥር ይሰረጉዳል፤ ዓይኗ ተከፍቷል ግን ማንንም አያይም። መርየም ተቀብላ አቅፋት ወደ በሩ ሮጠች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እጄን ዘረጋሁና፣ «ቁጥሯ ስንት ነው?» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ አትጠይቂኝ፤ እኔም ስጠይቅ ከርሜ አላገኘሁትም። ለስንት ዓመት ከአፌ የሚወጣው ያ ብቻ ነበር። ሰው ሲሮጥ ባየሁ ቁጥር ሊሸውደኝ ነው እላለሁ። መርየም በትከሻዋ ገፍታኝ አለፈች፣ እኔም በዚህ ጉልበቴ ጭቃው ውስጥ ተቀመጥኩ። ተነሥቼ ወደ ውስጥ ስገባ ገብረ ኪዳን መርፌ ይዞ አጎንብሶባታል። ሐኪሙም ሮጦ መጣ። የሳንባ ምች ነው አለ። ጥቂት ብትቆይ ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

በመድኃኒት ከረመች። ደብዳቤሽ የመጣው በዚያ መካከል ነው። ልጅሽ ሐኪም ቤት መተኛቷን ላንቺ በሩቅ ማሳወቅ ፈራሁ፤ ደግሞ ትዳን አትዳን ገና አልታወቀም ነበር። እጇ የግሉኮሱ መርፌ እንዳይወጣ በጣውላ ታስሯልና መክበብ አልቻልኩም። መርየምን ለመንኳትና የቀድሪያን እጅ ከበብኩ። ልጅቷ እርሳሱ ሲኮረኩራት ትስቅ ነበር። መርየም፣ «አቶ እንዳላማው፣ እናት የልጇን እጅ የማታውቅ መስሎዎት ነው?» አለችኝ። አልሰማኋትም። እንግዲህ የሳምሽው ያቺን ተራዋን ትጠብቅ ያልኳትን ልጅ እጅ ነው። ጠብቃ ቢሆን ኖሮ የምከብበው እጅ አይኖርም ነበር። ምን ትመስል ነበር ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ መልሱን አሁን አውቀዋለሁ፤ ያለምወርቅን ትመስል ነበር። በሽርም ስኳር አልሰጠም። ጠየቅሁት፤ ተቆጥቶ ከሱቁ አስወጣኝ፣ በማግስቱ ደግሞ ለያለምወርቅ ብስኩት ይዞ መጣ።

የብርጓል እስካሁን በቅጡ አታናግረኝም። ልክ ናት።

ከዚያ በኋላ አስተዳዳሪው ዘንድ ገብቼ ክሴን አነሣሁ። ገብረ ኪዳን ወደ በሩ ተመልሷል። እናቶቹ በአደባባይ መግለጥ ይፈራሉና ከአጥሩ ጥግ በባሕር ዛፍ እንጨትና በሰሌን አንዲት ጠባብ ዳስ ሠራሁ። ነፋስ አይገባባትም፣ የመንገደኛ ዓይንም አያይባትም። ሕፃን ያዘለች ሁሉ ቆርቆሮ ከመቀበሏ በፊት እዚያ ትገባለች፣ ራሷ በእጇ ትገልጣለች፣ ገብረ ኪዳን መርቆ ያያል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ፤ ቡዳ የሚለኝም የለም። ደግሞ አንዲት ቆርቆሮ ቆረጥኩና ከበሽር ሱቅ በገዛሁት ቀይ ቀለም ቀባኋት። ቁጥር አልወጋሁባትም። ገብረ ኪዳን የባሰበት ነው ካለኝ ያቺን እሰጣለሁ፤ እሷን የያዘች ታልፋለች። ሰው ሲያጉረመርም፣ ግራዝማቹም በቁጣ ሲጮኽብኝ፣ «ና ዳሱ ውስጥ ግባና አንተው እይ» እላለሁ። እስካሁን አይቶ ያጉረመረመ የለም።

ያለምወርቅ አሁን የምትቀጠቅጠው የዚያች ቆርቆሮ ትራፊ ነው። እጇን እንዳትቆርጥ ልነጥቃት ነው።

አጎትሽ እንዳላማው


ቤይሩት፣ መስከረም 22 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገርዎ። መስቀልን በጥቁር ልብስ ነበር የዋልኩት፤ ደብዳቤዎ የደረሰኝ በማግስቱ ነው።

መጀመሪያ እጁን አየሁት። ጣቷ ታጥፋለች። አላመንኩም፤ እንዳሉት፣ ስለነገርኩዎ አጥፈው ሣሏት አልኩ። «አልሞተችም» የሚለውንም አላመንኩም፤ ስለ አባቴም እንዲሁ ብላችሁኛል። ግሉኮሱን፣ ብስኩቱን፣ ቀዩን ቆርቆሮ እየጠረጠርኩ አነበብኩት። «ቁጥሯ ስንት ነው» ያሉበት ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱን አስቀመጥኩና ጮኼ አለቀስኩ። ልጄ ሞታ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ይህን አይጽፉልኝም። ያዘነ ሰው ለማጽናናት እንዲህ ያለ ነገር የሚፈጥር በአገራችን የለም። ጥቁሬን አውልቄያለሁ፤ ልጆቹ አብረውኝ ተደሰቱ፣ ለሁሉም ከረሜላ ገዛሁ።

ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ጊዜ ይስጡኝ። ዳሱን ሳየው ይቅር እል ይሆናል። የብርጓልን ግን እለምንልዎታለሁ።

መርየምን በእኔ ምትክ እጇን ይሳሙልኝ። እምቢ ካለችዎ የምስማት በትከሻዋ ገፍታ ስላለፈችዎ እንደሆነ ይንገሯት። ለቀድሪያ ሰማያዊ ዶቃ ልኬያለሁ፤ የማታውቃት ሴት እጇን ስማለች ይበሏት።

ትምህርቴን እንደጨረስኩ እመጣለሁ፣ በሩም ላይ ከእርስዎ ጋር እቆማለሁ። እስከዚያው ዝም ያለ ልጅ ሲመጣ ቁጥሩን አይጠይቁ።

የያለምወርቅ እናት
ሥራነሽ ደምለው